በጉ ለምን ይዞራል? ስለ አዙሪት፣ ስለ ውሻና ስለሚጣለው ጭንቅላት

ጥያቄውን ላላያችሁ ባጭሩ ልድገመው። ጠያቂው የመንዝ ልጅ ናቸው፤ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። አባታቸው ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ በግ ያረባሉ። ካለፈው መኸር ወዲህ ሦስት በግ ታሞባቸዋል። ሁለቱ ዓመት ያልሞላቸው ጠቦቶች ናቸው፤ ራሳቸውን ወደ አንድ ወገን ጥለው ይዞራሉ፣ ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ ሲመሽ ግንባራቸውን ግድግዳ ላይ ደግፈው ይቆማሉ። ኢቨርሜክቲን የሚባለውን የተባይና የትል መድኃኒት ተወጉ፣ ጆሯቸው ሥር በጋለ ብረት ተተኮሱ፣ ጠበልም ተረጩ። ለውጥ የለም። አንዱን አርደው ጭንቅላቱን ቢፈልጡት ከአጥንቱ ሥር የዶሮ እንቁላል የሚያህል ውሃ የቋጠረ ከረጢት ወጣ። ደንግጠው ሥጋውን ሳይቀምሱት ጣሉት። ሦስተኛዋ እናት በግ ነበረች፤ “እሷም እንዲሁ አብዳ፣ ለሀጯ እየተዝረበረበ፣ ውሃ እንኳ መዋጥ አቅቷት በአራት ቀን ሞተች፤ አባቴ ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረ ነገር እንዳለ ብለው እጃቸውን አፏ ውስጥ ከተው ፈልገው ነበር” ይላሉ። ጥያቄያቸው ይህ ምን በሽታ ነው፣ ሥጋው ይበላ ነበር ወይ፣ ልጆች ከውሻው ጋር ስለሚጫወቱ ወደ ሰው ይተላለፋል ወይ፣ ውሻውንስ እናስወግደው ወይ የሚል ነው።

መልሱን ከመጨረሻዋ በግ ልጀምር። ጠያቂው እግረ መንገዳቸውን ጠቅሰዋት አለፉ እንጂ ከሁሉ የምታስቸኩለው እሷ ናት። ሁለቱን ጠቦቶችና እናቲቱን በግ የያዛቸው አንድ በሽታ አይመስለኝም። ጠቦቶቹን የያዘው አዙሪት የሚባለው የአንጎል በሽታ ነው፤ አዙሪት ደግሞ ያደገ በግን የሚጨርሰው በሳምንታትና በወራት ነው፤ መዋጥ አያሳጣም፣ ለሀጭም አያዝረበርብም። ጤነኛ የነበረ በግ በድንገት ጠባዩ ተለውጦ፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ከሞተ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከአንድና ከሁለት ወር በፊት፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ያበደ ውሻ ወይም ቀበሮ በሰፈሩ አልፎ እንደሆነ አባትዎን ይጠይቋቸው። በጉ ሲነከስ ያየ ሰው ላይኖር ይችላል፤ በጸጉሩ ውስጥ ቁስሉ አይታይም።

ሬሳዋ አሁን ስለሌለ መርምሮ ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ ነበረባት ብሎ መነሣት ግድ ነው። አባትዎ እጃቸውን አፏ ውስጥ ከተዋል፤ የገበሬ እጅ ደግሞ ያለ ጭረትና ያለ ስንጥቅ አይገኝም። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደው ልክ እርስዎ ለእኔ እንደጻፉት ያስረዱ። ክትባቱ እዚያ ከሌለ ወዳለበት ሆስፒታል ይልኳቸዋል። ጊዜው አልፏል ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም፤ በሽታው ሰው ላይ ምልክት እስካላሳየ ድረስ ክትባቱ ዋጋ አለው፣ ምልክት ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ጠበሉን መጠመቅ ከፈለጉ ይጠመቁ፣ መርፌውን ግን እንዳያስቀሩ። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥም በባዶ እጅ አፍ መክፈት፣ ጭንቅላት መፍለጥ አይገባም። ምራቅ የነካውን ወይም የተነከሰውን ቦታ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያ ለጤና ጣቢያውም ለወረዳው እንስሳት ክሊኒክም ማሳወቅ ነው። ሬሳውም ለጅብና ለውሻ ተብሎ ገደል አይሰደድም፤ በጥልቅ ይቀበራል። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞተው ሰው 99 በመቶ ያህሉ በሽታውን የሚያገኘው ከውሻ ነው። ስለዚህ የቤቱ ውሻ ተከትቦ የማያውቅ ከሆነ ዘንድሮ ይከተብ።

ወደ ጠቦቶቹ እንመለስ። እነሱን የያዛቸው አዙሪት ነው፤ የመንዝም የባሶናም የጣርማበርም በግ አርቢ የሚያውቀው። የሚያዞሩ በሽታዎች ሌሎችም አሉ። አፍንጫ ውስጥ የሚገባ የዝንብ እጭ በጉን ያስነጥሰዋል፣ ንፍጡን ያዝረከርከዋል፣ አንዳንዴም ራሱን ያዞረዋል። ኢቨርሜክቲን የወጋላችሁ ሰው ይህንን ጠርጥሮ ይሆናል፤ ለእሱ ቢሆን ኖሮ ይሠራ ነበር። የተበላሸና የሻገተ መኖ የሚያመጣው ሌላ በሽታም አለ፤ ፊቱ በአንድ ወገን ይወድቃል፣ ጆሮው ይንጠለጠላል፣ በጉም በጥቂት ቀን ውስጥ ይጋደማል። የእናንተ ጠቦቶች ግን በልተው፣ ጠጥተው፣ ሳምንታት ቆመው ነው የዞሩት። ለዚያውም ከረጢቱን በዓይናችሁ አይታችኋል። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ያ ከረጢት ዕጢ አይደለም፣ መግልም አይደለም። ሕይወት ያለው የትል እጭ ነው። ሳይፈነዳ ብርጭቆ ውስጥ አድርገው ወደ ብርሃን ቢያነሡት ስስ ገለፈት፣ በውስጡም ጥርት ያለ ውሃ ይታያል። በገለፈቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ እዚህም እዚያም በቡድን በቡድን የተለጠፉ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። እያንዳንዷ ነጠብጣብ የአንድ ትል ራስ ናት፤ አራት መጥመጫና የመንጠቆ አክሊል ይዛ ወደ ውስጥ ተገልብጣ ተቀምጣለች። በአንድ ከረጢት ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ራሶች ይኖራሉ። እነዚህ ሁሉ የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ የውሻ ሆድ። ውሻ ያንን አንጎል ሲበላ እያንዳንዷ ራስ ተገልብጣ ወጥታ አንጀቱ ላይ ትነክሳለች፣ አድጋም ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ ኮሶ ትሆናለች። ጀርመናዊው ሐኪም ኩህንማይስተር በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከበግ አንጎል የወጣውን ከረጢት ለውሻ አብልቶ ኮሶውን አገኘ፤ የኮሶውን እንቁላል ለበግ ሰጥቶም በጉን አዞረው። ዑደቱ ከዚያ ወዲህ አላከራከረም።

ወዲያኛው መንገድ ደግሞ እንዲህ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ የጎለመሰው ኮሶ ቁርጥራጩን ከዓይነ ምድር ጋር ይጥላል፤ በእያንዳንዱ ቁርጥራጭ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል አለ። ዝናብ ያጥበዋል፣ እግር ያዳርሰዋል፣ ሣሩ ላይ ይለጠፋል። እንቁላሉን የሚገድለው ድርቀትና ሙቀት ነው፤ ብርድና እርጥበት ያቆየዋል። የመንዝ ደጋ ከዚህ የተሻለ ምን ይመኝለታል! ጠቦቱ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን ይውጣል፤ እጩ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ይሄዳል። ብዙ እንቁላል ባንዴ የዋጠ ግልገል እጩ አንጎሉን ሲቦረቡረው በሁለትና በሦስት ሳምንት ሊሞት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምንም አይታይበትም። ከረጢቱ ቀስ እያለ አድጎ አንጎሉን መጫን ሲጀምር፣ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ወይም ከዚያም በላይ ቆይቶ፣ በጉ መዞር ይጀምራል። በአብዛኛው የሚታመሙት ከግማሽ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ያሉት ናቸው፤ ትልልቆቹ በጊዜ ብዛት መከላከያ ያበጃሉ። ጠቦቶቹ በመኸር ከዞሩ ያጠፋቸውን ነገር የበሉት በበልግ ወይም በክረምቱ መግቢያ ነው ማለት ነው። ይህን ልብ ይሉልኛል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህን ጥያቄ ስቀበል ሁልጊዜ የሚገርመኝ ፍርሃቱ ያለቦታው መዋሉ ነው። ከረጢቱን ያየ ሰው ይዘገንነዋል፣ ሥጋውን ይጥላል፣ እጁን ደጋግሞ ይታጠባል። ጭንቅላቱን ግን ለውሻ ይወረውርና በዚያው ምሽት ልጁ ውሻውን አቅፎ ይጫወታል። ነገሩ ግን ግልብጡ ነው። የበጉ አንጎል ውስጥ ያለው ከረጢት ለሰው አይተላለፍም፤ ሰው ቢነካውም፣ ሳያውቅ ቢውጠውም አይታመምበትም። ሰውን የሚይዘው እንቁላሉ ነው፣ እንቁላሉም ያለው ከውሻው በኩል ነው። ውሻው ደግሞ አይታመም፣ አይከሳ፣ ጸጉሩ አይረግፍ፤ ሲጮህ ያድራል፣ ጅብ ያባርራል። ሲያዩት ምንም የለበትም።

የሥጋውን ጥያቄ ባጭሩ ልዝጋው። በአዙሪት ብቻ የታመመ፣ ያልከሳና ያልተጋደመ በግ ሥጋው ይበላል። ጭንቅላቱና አከርካሪው ውስጥ ያለው ብቻ ይወገዳል። የሚከለክሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በቅርቡ መድኃኒት ተወግቶ ወይም ጠጥቶ ከሆነ ነው፤ ኢቨርሜክቲን ከሥጋ ቶሎ አይወጣም፣ የወጋውን ሰው ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ጠይቁት። ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ጥርጣሬ ነው፤ ያን ጊዜ ማረዱም ክልክል ነው።

አሁን ያልኋችሁን ወራት እንቁጠር። ውሻ አንጎሉን ከበላ በኋላ ኮሶው ጎልምሶ እንቁላል እስኪጥል ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስድበታል። በእኛ ሀገር ውሻ የበግ ጭንቅላት የሚያገኘው መቼ ነው? በበዓል። በፋሲካ ማለዳ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ባንድ ቀን ስንት በግ እንደሚያርድ አስቡት፤ ምላሱ ይወጣና ቀሪው ከአጥሩ ውጭ ይጣላል። ከዚያ ቀን ስድስት ሳምንት ቁጠሩ፤ ግንቦትን ይዞ እስከ ሰኔ መግቢያ ይደርሳል። ዝናቡ ሊጥል፣ ሣሩ ሊበቅል፣ የዓመቱ ግልገል ከጡት ወደ ግጦሽ ሊዞር ሲል የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መኸር ላይ ጠቦቱ ሲዞር ሰው ሰበቡን የሚፈልገው በመኸር ነው።

ይኸው የጊዜ ልክ ግን መድኃኒቱን የት ላይ መስጠት እንዳለብን ይነግረናል። ትሉ ሳይጎለምስ ከተገደለ አንዲት እንቁላል አትወድቅም። ስለዚህ የእኔ ምክር በየሦስት ወሩ ብሎ ከመቁጠር ይልቅ በዓሉን ተከትሎ በወሩ መስጠት ነው፤ የወር ስሌት የሚረሳ ገበሬ በዓል አይረሳም። የቅበላው እርድ በሁዳዴ ዋዜማ ያበቃል፤ ደብረ ዘይት ሲደርስ አራት ሳምንት ሆኖታል፤ በዚያ ሳምንት ለውሻው መድኃኒት ይስጡት። ከዚያ እስከ ፋሲካ የሚታረድ ስለሌለ ውሻው ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። የፋሲካውን ደግሞ ከዕርገት በፊት ባለው ሳምንት፤ ዕርገት አርባኛው ቀን ስለሆነ እሱን ማሳለፍ አይገባም። የእንቁጣጣሹና የመስቀሉ ጥቅምት እንደገባ ይሰጣል፣ የገናው ከጥር ማለቂያ አይለፍ። ቆላ ወርዳችሁ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ያላችሁ ሙስሊም ወገኖቼ አረፋ ካለፈ በወሩ አድርጉት። በመሐል ድግስ፣ ተዝካር ወይም የሞተ በግ ቢኖር ከዚያም በወሩ ይደገማል።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት 5 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ። የእረኛ ውሻ ሁሉ አንድ ዓይነት ክብደት የለውምና የእንስሳት ሐኪሙ አይቶ ይምተርላችሁ። ጣዕሙ መራራ ስለሆነ በስብ ወይም በቁራጭ ሥጋ ውስጥ ሸሽገው ካልሰጡት ይተፋዋል፤ የጎረሰ መስሎ አጥር ሥር ሄዶ የሚጥለውን ውሻ ብዙ አይቻለሁ። ኢቨርሜክቲን ክብ ትልንና የቆዳ ተባይን እንጂ ኮሶን አይነካም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያፈሳል፤ ውሻውን በኢቨርሜክቲን ወግቶ ጨርሻለሁ ይላል። ፕራዚኳንቴልም ቢሆን ትሉን ይገድላል እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ መድኃኒቱን የወሰደ ውሻ ሁለት ሦስት ቀን ታስሮ ይሰንብት፤ የሚጥለውም ተለቅሞ ይቃጠል ወይም ይቀበር። ይህን ካላደረጉ፣ ትሉ ጎልምሶ ከነበረ፣ መድኃኒቱ ያን ሁሉ እንቁላል ባንዴ አራግፎ ግጦሹ ላይ ይዘራዋል።

መድኃኒቱ ግን ሁለተኛው ነገር ነው። የመጀመሪያው ጭንቅላቱ ነው። ዛሬ ውሻውን አክማችሁ ነገ ጭንቅላት ከጣላችሁለት ከአርባ ቀን በኋላ ያው ናችሁ። መቀቀል ይቻላል፤ ግን ሙሉ የበግ ጭንቅላት እስከ አንጎሉ እንዲበስል ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈላል፣ የመንዝ እናቶች ደግሞ ለዚያ የሚያባክኑት ኩበት የላቸውም። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው “ቀቅላችሁ ስጡ” ብሎ ወረቀት በትኖ ሲሄድ የማገዶውን ነገር አላሰበውም። እኔ የምመክረው ቀላሉን ነው፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ ያለው ቤት እዚያ ይክተተው፣ የሌለው ከግማሽ ሜትር በላይ ቆፍሮ ይቅበርና ላዩ ላይ ድንጋይ ይጫንበት። በስሱ የቀበሩትን ውሻው እዚያው ሌሊት ያወጣዋል። ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ ለበዓል አንድ ጉድጓድ ቢቆፍር ደግሞ ይበልጣል፤ የእናንተ ውሻ የሚበላው የእናንተን በግ ጭንቅላት ብቻ አይደለምና። አንዱ ቤት ብቻውን የሚያሸንፈው በሽታ አይደለም።

በዚያው ጉድጓድ ውስጥ መግባት ያለበት ሌላም ነገር አለ፤ ለልጆቹ የምፈራውም ከአዙሪቱ ይልቅ ይህን ነው። በግ ስታርዱ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ነጣ ያለ፣ ጠንከር ያለ፣ ሲወጉት ውሃ የሚፈናጠቅ እብጠት አይታችሁ ታውቃላችሁ። “ይህ አይበላም” ተብሎ ተቆርጦ ለውሻ ይጣላል። እሱም የውሻ ትል እጭ ነው፤ የአዙሪቱ ዘመድ ቢሆንም ሌላ ዝርያ ነው፤ ሳይንሱ ኢኪኖኮከስ ይለዋል። ውሻው ውስጥ ያለው ትል ከ7 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ውሻው በሺህ የሚቆጠር ተሸክሞ ሰው አያውቅበትም። እንቁላሉ ወደ ሰው ሲገባ በበጉ ላይ ያደረገውን ሰው ላይ ያደርጋል፤ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ውሃ ያዘለ ከረጢት ሆኖ ለዓመታት ዝም ብሎ ያድጋል። በልጅነቱ ውሻ ሲያቅፍ የዋጠውን ሰው ጎልማሳ ሆኖ ሊታመምበት ይችላል።

በአዙሪቱ ትል ሰው መያዙ ይታወቃል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1913 ከፓሪስ የተመዘገበ ነው፤ ግን ብርቅ ነው፣ በሕክምና ጽሑፎች የተመዘገበው በመላው ዓለም ከመቶ እምብዛም አይዘልም። የጉበቱና የሳንባው በሽታ ግን በማንኛውም ጊዜ በዓለም ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደሚይዝ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። በሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ2015 የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት መርጠዋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ይኸው የኢኪኖኮከስ በሽታ ናቸው። ከአምስቱ ሁለቱ የሚመጡት ከአንድ ውሻ ነው ማለት ነው፤ እናንተ ቤትም ሁለቱም በር ላይ ቆመዋል።

ለልጆቹ ምን ይደረግ? ማስደንገጥ አያስፈልግም። ከውሻው ጋር ተጫውተው ሳይታጠቡ በሶ እንዳይጨብጡ፣ ውሻው ፊታቸውን እንዳይልስ፣ እህልና ዕቃ ካለበት እንዳይተኛ፣ የጓሮ ጎመን በደንብ ሳይታጠብ እንዳይበላ፣ የምንጩ ዳር ከውሻ እንዲታጠር፤ ይኸው ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው በቀኝ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር የሚከብድ፣ የሚያብጥ ነገር ካለው አልትራሳውንድ ይነሣ፤ ከረጢቱ በዚያ ይታያል። እንደየመጠኑና እንደየቦታው በአልቤንዳዞል፣ በቀዶ ሕክምና፣ ወይም ሐኪም በአልትራሳውንድ እያየ ውሃውን በመቅዳት ይታከማል። በዘፈቀደ መርፌ መውጋት፣ ማሸት፣ መብጣት ግን ይገድላል። ከረጢቱ ውስጥ ከፈነዳ ውሃው ሰውነትን አስቆጥቶ በደቂቃዎች ሊጥል ይችላል፤ ከዚያ የተረፈውም ሆዱ ሁሉ ከረጢት ይዘራበታል።

ጠያቂው “አዲስ ነገር የለም ወይ፣ ክትባት አልተሠራም ወይ” ብለው መጨረሻ ላይ ጨምረዋል። ተሠርቷል። ለጉበትና ለሳንባው ትል በግን የሚከትብ ኢጂ95 የሚባል ክትባት አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ ሆኗል፤ በሙከራው 95 በመቶ ገደማ ይከላከል ነበር፣ ኋላም በቻይናና በአርጀንቲና በመስክ ላይ ውሏል። በዚያው መንገድ የአዙሪትን ትል የሚከላከል ክትባት በጎች ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ማሳየቱ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል፤ ግን ወደ ገበያ አልወጣም። የዚህ ክትባት ደንበኛ ማን እንደሆነ ካሰባችሁት ምክንያቱ አይጠፋችሁም፤ ሀብታሞቹ በግ አርቢዎች አዙሪትን ያለ እሱ አሳንሰውታል፣ የቀረነው ደግሞ ለመድኃኒት ፋብሪካ የሚማርክ ኪስ የለንም።

ያለ ክትባት እንዴት እንደሚቻል አይስላንድን ማየት ነው። ብርድ ያለው፣ በግና ውሻ የሞላው ሀገር ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የጉበቱ ከረጢት ሕዝቡን ይፈጅ ነበር። ሃራልድ ክራበ የሚባል ዴንማርካዊ በ1863 (እ.ኤ.አ.) ሄዶ ውሾቹን ከፍቶ መረመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ በየቤቱ ታደለ። መልእክቱ ከረጢት ያለበትን ሆድ ዕቃና ጭንቅላት ለውሻ አትስጡ፣ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት የሚል ነበር። ሰዉ አንባቢ ነበርና አነበበው፤ የውሻ ሕግም ተከተለ። ፕራዚኳንቴል የተገኘው በ1970ዎቹ ስለሆነ እነሱ ይህን ሁሉ ያደረጉት ያለ እሱ ነው። ዛሬ በሽታው ከአይስላንድ ጠፍቷል።

ውሻውን አታስወግዱት። ያለ ውሻ በመንዝ በግ ማርባት የማይታሰብ መሆኑን እርስዎም ያውቁታል። ውሻ በተገደለ ማግሥት ሌላ ቡችላ ይመጣል፤ ቡችላ ደግሞ ከሽማግሌው ውሻ ይልቅ ትል ይበዛበታል፣ ለእብድ ውሻ በሽታም አልተከተበም። የታወቀ፣ የተከተበ፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ቀን የሚታሰር አንድ ውሻ ይሻላል። ቀይ ቀበሮ ለሚኖርበት ለጓሳ ቅርብ ለሆኑ ቀበሌዎች ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ በዓለም ላይ ጥቂት መቶ ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮ ከምንም በላይ የሚያልቀው ከቤት ውሻ በሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር በሚባለው የውሾች ተላላፊ በሽታ ነው።

የቀረው ሁለተኛው ጠቦት ነው። ከመንጋው መለየቱ ለሌሎቹ በጎች ብሎ አይደለም፤ አዙሪት ከበግ ወደ በግ አይተላለፍም። ለእሱው ሲባል ነው፤ ገደል ይገባል፣ ወንዝ ይወስደዋል። የትኛው ወገን እንደተያዘ እንዲህ ይዩት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው ከረጢቱ ወዳለበት ወገን ሲሆን የማያየው ደግሞ የተቃራኒው ወገን ዓይን ነው። ነፋስ ሳያስነሡ መዳፍዎን በቀስታ ወደ ዓይኑ ያስጠጉ፤ የሚያይ ዓይን ይርገበገባል፣ የታወረው ዝም ይላል። ከዚያ ራሱን በጉልበትዎ መሐል ይዘው በሁለት አውራ ጣት ከቀንዱ ሥር ወደ ኋላ ይጫኑት። ከረጢቱ ወደ ላይ ከተጠጋ አጥንቱ ሳስቶ እሺ ይላል፣ በጉም ያመዋል። እንዲህ የለሰለሰ ቦታ ከተገኘ የእንስሳት ሐኪም አጥንቱን በስቶ፣ ውሃውን በሲሪንጅ ስቦ፣ ገለፈቱን ማውጣት ይችላል፤ ቦታው በትክክል ከተለየ ከአራት በግ ሦስቱ ያህል ይድናሉ። መተኮስ ግን አጥንቱን ያቃጥላል እንጂ ከሥሩ ያለውን አይነካም፤ ሁለተኛ አታድርጉት። አልቤንዳዞልም ከረጢት ከሆነ በኋላ እምብዛም አይረዳም።

እውነቱን ለመናገር ለአንድ ተራ ጠቦት ቀዶ ሕክምናው ከዋጋው በላይ ያስወጣል። ለዘር የተመረጠ አውራ ቢሆን ልሞክረው እል ነበር፤ አዙሪት በዘር አይወረስምና ከዳነ ለእርባታ ይሆናል። ይህኛው ግን የኢቨርሜክቲኑ ቀን እስኪሞላ በደጅ በድርቆሽ ይቆይና ሳይከሳ ይታረድ። ከመታረዱ በፊት ለሀጭ ማዝረብረብ ወይም መዋጥ አለመቻል ካሳየ ቢላዋ ሳይነካው ለወረዳው ክሊኒክ ይደውሉ።